ለጉሮሮ የማይስማማ ቃል

የመናኸሪያው ሰው ሁሉ እትዬ ደወል ይላታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት የሠራተኛ መዝገቡና ባሏ ብቻ ናቸው፤ ባሏም ቢሆን ከተጋቡ ወዲህ “አንቺ” እያለ ነው የኖረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከትኬት መቁረጫው በላይ ባለችው ባለ መስታወት ክፍል ቁጭ ብላ የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ፣ በየትኛው በር እንደሚያሳፍር፣ የማን ልጅ ከማን ቦርሳ ጋር ጠፍቶ እንደተገኘ በድምፅ ማጉያ ስትናገር ኖራለች።

አነጋገሯ ደግሞ የራሷ ነበር። “ቁጥር አራት አውቶቡስ ጎማው ተንፍሷል” ትላለች። “ሹፌሩ ራሱ ከሥሩ ገብቷል፤ ከዚህ ሆኜ እግሩ ይታየኛል። ከአንድ ሰዓት በፊት አይወጣም። ልጅ የያዛችሁ ጥላ ፈልጉ፤ ሽንት ቤት የምትሄዱ ሂዱ፤ ሳልጠራችሁ የሚነሳ የለም።” መንገደኛውም ያጉረመርማል፣ ሹፌሩን ይረግማል፣ ከዚያ ሻንጣው ላይ ቁጭ ይላል። እትዬ ደወል ካለች አለች ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሲራመድ ጫማው ሲጥ ሲጥ የሚል ሰው ነው። በመጣ በሦስተኛው ቀን የብረት ደረጃውን ወጥቶ፣ በላስቲክ የተለበጠች አንዲት ወረቀት ማይክሮፎኑ ሥር በፕላስተር ለጠፈ። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ “ይዘገያል፣ ተበላሽቷል፣ አይታወቅም የሚሉት ቃላት ከዛሬ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ አይነገሩም። በምትካቸው ‘በቅርብ ደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል’ ይባላል።”

እትዬ ደወል መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

“ካልተነሳስ?” አለች።

“በቅርብ ደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል ይበሉ።”

“በቅርብ ደቂቃዎች ውስጥም ካልተነሳስ?”

“ይድገሙታ!” አለና ጫማውን ሲጥ ሲጥ እያደረገ ወረደ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሠራተኛው ስም አወጣለት። አቶ በቅርቡ ሆነ።

ሦስት ሳምንት እንደምንም አለፈ። እትዬ ደወል የታዘዘችውን እየተናገረች፣ ማይክሮፎኑን ስታጠፋ ለብቻዋ “እግዚኦ” እያለች ሰነበተች። ከዚያ አንድ ሐሙስ የቁጥር ዘጠኝ አውቶቡስ ካምቢዮ ተሰበረ። መካኒኮቹ አውርደው ግቢው መሀል ሸራ ላይ በታትነውታል፤ ብሎኑ ለብቻ፣ ጥርሱ ለብቻ ተደርድሯል። እሷ ደግሞ ያንን ቁልቁል እያየች “ቁጥር ዘጠኝ በቅርብ ደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል” አለች። አንዴ አይደለም፤ እስከ ዘጠነኛው ድረስ ቆጥራዋለች።

ሰልፉ ላይ መንታ ልጆች የያዘች ሴት ነበረች። አንዱን አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ። አሁን ይነሳል አሁን ይነሳል ስትል ውሃም ሳትጠጣ፣ ልጆቹንም ሳታሳርፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመች። በእጇ የተያዘው ልጅ በመጨረሻ ሽንቱን ሱሪው ላይ ለቀቀው። ያኔ ሴትየዋ ሁለቱንም ይዛ የብረት ደረጃውን ወጣችና መስታወቱን አንኳኳች።

እትዬ ደወል ስድብ ስትጠብቅ ሴትየዋ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

“እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው የቆምኩት” አለቻትና ተመልሳ ወረደች።

እትዬ ደወል “እኔ አይደለሁም” ልትል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ወረቀቷ ላይ አረፈ። መልሳ አፏን ዘጋች፤ ነገሩንም ዋጥ አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት ማይክሮፎኑን ከፍታ “እንደምን አደራችሁ” ልትል ብትሞክር የወጣው ንፋስ ብቻ ሆነ። መናኸሪያው በሙሉ “ህ…ህ…ህ” የሚል ሰማ። መንገደኛው ጎማ የሚተነፍስ መስሎት ወደየአውቶቡሱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መድኃኒት ማን ይቁጠረው! ፎቅ ላይ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ዝንጅብልና ማር ይዛ ወረደች፤ ያ አልሆን ሲል የጨው ውሃ አስጉመጠመጠቻት፤ ያም አልሆን ሲል ፎጣ አከናንባ በፈላ ውሃ እንፋሎት ልትቀቅላት ደረሰች። አንዷ ጎረቤት “ጭራሽ እንዳትናገሪ” ስትላት ሌላዋ “ለቀቅ አድርገሽ ጩኺ፣ ይከፈትልሻል” አለቻት። የመናኸሪያው ዋና መካኒክ ሊጠይቃት መጥቶ፣ አንገቷን ዘንበል ብሎ አይቶ፣ “ቅባት አንሶታል” ብሎ ሄደ።

ነገሩን ያልሰማ ቢኖር ባሏ ነበር። አናጢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጋዝ ሲጮህበት ጆሮው ደንዝዟል። እቤት ውስጥ እሷ እየጮኸች እሱ እየገመተ ነው የሚኖሩት። ታዲያ እሷ መጮህ ስታቆም ሰውየው ምን ይምሰለው? ሁለት ቀን ሙሉ ተከዘ። ምግብ አስጠላው። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ እህቷም ባለችበት አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

“አንቺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትደነግጪ” አላት። “ጆሮዬ አለቀለት። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅሽ ግን ቅንጣት አይሰማኝም። ዛሬ ሐኪም ቤት ሄጄ ሲለኩኝ ‘እንደ ድሮው ነው’ አሉኝ። ሊያባብሉኝ ነው መቼም።”

እትዬ ደወል መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ሳቋ ገንፍሎ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባሏ የምታለቅስ መስሎት ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋል። እህቷ ግን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

“እቴቴ! ሳቅሽ ድምፅ አለው!”

እትዬ ደወል ቀና አለች። “እውነት?” ልትል ሞከረች። ንፋስ።

“አሁን ስትስቂ እኮ ጎረቤት ይሰማ ነበር!” አለች እህቷ። “ይሄ ነገር የዝንጅብል አይደለም። ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ።”

የጆሮና የጉሮሮ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጠዋት ገብታ ምሳዋን የምትበላው በቆመችበት ነው፤ ሆኖም ሰው ሲያናግራት ሰዓቷን አታይም። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በእትዬ ደወል አፍንጫ አስገብታ ጉሮሮዋን በስክሪን አሳየቻት። ሁለት ነጫጭ ክሮች የመሰሉ ነገሮች ወለል ብለው ታዩ።

“እነዚህ የድምፅ አውታሮችዎ ናቸው እናቴ። ‘ኢ’ ይበሉ።”

ክሮቹ ሊገናኙ ተጠጉ፤ ሊነካኩ ሲሉ ተኮራርፈው ቆሙ።

“አሁን ይሳሉ።”

“እህ! እህ!” አለች እትዬ ደወል፤ ክሮቹም ጥብቅ ብለው ገጠሙ። ሳሉ ክፍሉን ሞላው።

ሐኪሟ ቱቦውን አውጥታ ወንበሯን ሳበች። “የእርስዎ ጉሮሮ ከእኔ ይሻላል። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። ማሽኑ ደህና ነው፤ ለንግግር ሲሉት ነው እንቢ የሚለው።”

እትዬ ደወል ፊቷ ተለዋወጠ። በሹክሹክታ፣ “ታዲያ አስመስላለሁ ነው የምትዪኝ?” አለች።

“ኧረ በጭራሽ! ሰው ሲያፍር ፊቱ ይቀላል፤ አቅልቶት ነው? ፈተና ሊገባ ሲል ሆዱ ይላወሳል፤ ማን አዘዘው? ‘ቆሽቴን አሳረረው’ እንላለን፣ ‘ጨጓራዬን ላጠው’ እንላለን። አባባል ብቻ እየመሰለን ነው እንጂ አካላችን ሰምቶን ያድራል። የእርስዎ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ያዘ። ሕመሙ ሕመም ነው፤ ማንም ‘ውሸቷን ነው’ እንዳይልዎት።” ከዚያም፣ “ድምፅዎ በጠፋበት ሰሞን መናገር ፈልገው የተዉት ነገር ነበር?” ብላ ጠየቀች።

እትዬ ደወል የቦርሳዋን ማንገቻ መጠቅለል ጀመረች። ከዚያ ነገሩን በሹክሹክታ ከሥሩ ጀመረችው፦ ወረቀቷን፣ ካምቢዮውን፣ መንቶቹን፣ ሴትየዋን። ሐኪሟ ለመስማት ጆሮዋን አፏ ድረስ አስጠግታ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። በሽተኛ ሁለት ጊዜ በር አንኳኳ። “እሷ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር” ብላ ስትጨርስ እትዬ ደወል ሆዷ ባባና አለቀሰች። ለቅሶዋም ድምፅ ነበረው።

ሕክምናው ከሳቅ ተጀመረ። ሐኪሟ “ይሳቁ” ትላታለች፤ ሳቁን ይዛ “ም…ም…” እንድትል ታደርጋታለች፤ ከዚያ “ምን”፣ ከዚያ “ምንድን ነው”። በሁለተኛው ቀጠሮ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወጣላት፤ እሱም “ይሄ ወንበራችሁ ወገብ ይጨርሳል” የሚል ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮ ተራዋን ስትጠብቅ ኮሪደሩ ላይ “ህቅ!” የሚል ሰማች። ዞር ስትል የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ነው፤ ባለ ወፍራም ጺሙ፣ እሷ ስትታመም በሷ ቦታ ማስታወቂያ እንዲናገር የተመደበው።

“አንተ! ምን ሆነህ ነው?”

“እትዬ! ድምፅሽ መጣ!” አለ ደስ ብሎት። “እኔማ ህቅታ ይዞኝ ነው። ትኬት ስቆርጥ የለም፣ ቤቴ የለም። ማይክሮፎኑን ይዤ ‘በቅርብ ደቂቃ’ ስል ህቅ! ትናንት አንድ ሽማግሌ ‘ይሄ ልጅ ጠጥቶ ነው የሚገባው’ ብለው ከሰሱኝ። እኔ! ቢራ ቀምሼ የማላውቅ ሰው!”

እትዬ ደወል ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱም መሳቅ ጀመረ፤ በየመሀሉ ህቅ እያለ።

በአራተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ፣ “እስቲ ዛሬ እንደ ሥራዎ ይናገሩልኝ” አለቻት። እትዬ ደወል ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ወገቧን ቀና አደረገች።

“ቁጥር ዘጠኝ አውቶቡስ! መንገደኞች በሁለተኛው በር!”

ድምፅዋ እንደ ድሮው ግድግዳውን አልፎ ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ ያንቀላፉ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው ሻንጣቸውን ፈለጉ። ነርሷ በሩን ከፍታ “ምን ተፈጠረ?” አለች። ሐኪሟ እጇን አጨበጨበች።

“እንግዲህ ያቺንም አረፍተ ነገር ይበሏት።”

“በቅርብ ደቂ…” ንፋስ።

“እንደገና።”

“በቅር…” ጭራሽ ባሰ።

“‘በቅርብ ዘመዴ ቤት’ ይበሉ።”

“በቅርብ ዘመዴ ቤት!” አለች እትዬ ደወል፣ ኩልል ባለ ድምፅ።

“‘በቅርብ ደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል’።”

ህ…ህ…ህ።

ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ እስክሪብቶዋን አነሳች። የሕክምና ማስረጃ ወረቀት አወጣች፤ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ቀደደች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ ማህተሟን ገጭ አድርጋ አስረከበቻት። “ታካሚዋ የድምፅ ሕመም ገጥሟቸው ታክመው ተሽሏቸዋል። ወደ መደበኛ ሥራቸው መመለስ ይችላሉ። ሆኖም እውነት መሆኑን የማያውቁትን ነገር በድምፅ ማጉያ መናገር ለጤናቸው ስለማይስማማ፣ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ እንዲታቀቡ አዝዣለሁ።”

ሰኞ ጠዋት እትዬ ደወል ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋንም፣ ፋይል የማይለያትን ሴትዮ፣ አስከትላለች። አቶ በቅርቡ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየው።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የሐኪም ወረቀት ነው” አለች እትዬ ደወል።

“‘እውነት መሆኑን የማያውቁትን’ ይላል።”

“ይላል።”

ወደ ኃላፊዋ ዞረ። “እንዲህ ያለ ነገር አለ?”

“ማህተም አለው” አለች ኃላፊዋ ፋይሏን እያገላበጠች። “ደንቡ ‘በሐኪም የተከለከለ ሥራ አይሰጥም’ ነው የሚለው። ወገቡን የታመመውን ተሸካሚ ከባድ ዕቃ አናስነሳውም። አቧራ የማይስማማትን ጽዳት ወደ መጋዘን አንልካትም። ይቺም ያው ናት።”

“ውሸት ከባድ ዕቃ ነው?” አለ ሥራ አስኪያጁ። ቀልድ ሊያደርገው ነበር፤ ግን እንዳለው ወዲያው ፊቱ ተጨማደደ። አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በሌላው መሳቢያውን ሳበ። ነጭ የጨጓራ ሽሮፕ የያዘ ጠርሙስ አወጣና ማንኪያ ሳይፈልግ ጎንጨት አደረገ። መሳቢያው ውስጥ ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

ኃላፊዋ ነገሩ ገብቷት ፋይሏን አንስታ ወጣች። እትዬ ደወል ግን ቆመች።

“ስንት ጊዜ ሆነዎት?” አለችው።

“ከመጣሁ ጀምሮ።” ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ ቀረ። “ዋናው መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል። ‘ዛሬ ስንት ዘገየ?’ ይሉኛል። ‘ምንም’ እላለሁ። ‘ጎበዝ’ ይሉኛል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እሳት ነው የሚነድብኝ።”

እትዬ ደወል ይህን ሰውዬ ከአንድ ወር በላይ በልቧ ስታማው ከርማለች። ጫማውን፣ ወረቀቱን፣ አካሄዱን። አሁን ትከሻው ወርዶ ስታየው አንጀቷን በላው።

“ያቺ ሐኪም ጥሩ ናት” አለችው። “የጉሮሮ ብትሆንም ወደ ጨጓራው ሐኪም ትመራዎታለች። ሰው ታዳምጣለች።”

“ተራ ቶሎ ይደርሳል?”

“አይታወቅም” አለች እትዬ ደወል። እሱ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ደወል ደረጃዋን ወጥታ ማይክሮፎኑን ከፈተች። ቁጥር ሰባት ፍሬን እየታሰረለት ነው።

“እንደምን ዋላችሁ። ቁጥር ሰባት ፍሬኑ እየተጠገነ ነው። መካኒኩን ጠይቄዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ብሏል፤ እኔ ግን ስለማውቀው ሦስት በሉት። ፍሬን ሳይኖረው ከሚነሳ ቢቆይ ይሻላል። አረፍ በሉ።”

መናኸሪያው ተንጫጫ። አንዱ ትኬቱን እያወዛወዘ ጮኸ፤ አንዷ ስልኳን አውጥታ “እማዬ፣ ማታ ነው የምደርሰው፣ አትጠብቂኝ” አለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰዉ ቁጭ አለ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሻንጣው ላይ ሰቀለ። እትዬ ደወል ወንበሯን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ቀጥሎ የሆነው መናኸሪያው ሁሉ የሐኪም ወረቀት መፈለጉ ነው። ትኬት ቆራጩ ለህቅታው አወጣ። ሁለቱ የመረጃ መስኮት ሴቶች ራስ ምታታቸውን ይዘው ሄዱ። ዋና መካኒኩ ሳይቀር “እኔም ‘አሁን ያልቃል’ ስል ጆሮዬ ይጮሃል” ብሎ ሲቀርብ ሐኪሟ እጅ ሰጠች፦ “ማህተሜን ጨረሳችሁት! በሽተኛው እናንተ ሳትሆኑ መናኸሪያው ነው። ሥራ አስኪያጃችሁ ይምጣና እንነጋገር።”

መጥቶም ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ ማንም አያውቅም። በላስቲክ የተለበጠችው ወረቀት ግን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከማይክሮፎኑ ሥር አልተገኘችም፤ ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል። ማን እንዳነሳት ሲጠየቅ ሁሉም ሌላውን አየ። ዋናው መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መደወሉን አልተወም። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን እንዳለ መናገር ጀምሯል፤ አንዴ ክፉኛ ተቆጥተውታል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቁጥር ዘጠኝ አዲስ ካምቢዮ ልከዋል። ጨጓራው ጨርሶ ዳነ አይባልም። ምሳውን ግን ከሠራተኛው ጋር እየበላ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ብቻ አለ ይባላል።

እትዬ ደወልም ብትሆን ጉሮሮዋ አልፎ አልፎ ይይዛታል። በተለይ የባሏ እህት ልትጠይቃቸው ስትመጣ። ያኔ ወጥ ቤት ትገባና ለብቻዋ ትንሽ ታጉረመርማለች፤ ይለቃታል።

አንድ ቅዳሜ ባሏ ከሥራ ሊወስዳት መጥቶ አብረው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። እሷ የሳምንቱን ነገር ጀመረችለት፤ እሱ “ኧ?” ይላል፣ እሷ ትደግመዋለች፣ በዚያ ድምፅ። የእህቱን ጉብኝት፣ የእሱን ማንኮራፋት፣ ሐኪሙ ለኪንታሮቱ ያዘዘለትን ቅባት፣ አንድ በአንድ። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና፣ “እትዬ፣ ሁላችንም ሰምተናል” አላት።

“ምን አለ?” አለ ባሏ።

“ቅባቱን በቀን ሁለቴ ተቀባ አለህ!” አለችው፣ አፏን ሞልታ።